ከቼሳፒክ ዳርቻ የተገኘው ጥቁር ጥርስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ካልቨርት ክሊፍስ ወደሚባለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ሄጄ ነበር። የአሥር ዓመቱ ልጄ ከውሃው ዳር በፎቶው የሚታየውን ጥቁር ሦስት ማዕዘን ነገር አነሣና «የሜጋሎዶን ጥርስ ነው» ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ ኳርተር የሚባለውን የአሜሪካ ሣንቲም አስቀምጫለሁ። በእርግጥ ጥርስ ነው ወይስ ድንጋይ? ጥርስ ከሆነ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? ይዘነው መምጣታችንስ ያስጠይቀን ይሆን? ደግሞ እኔ የደጀን ልጅ ነኝ፤ በልጅነቴ ዓባይ በረሃ ወርጄ ዛጎል የመሰለ ድንጋይ ማንሣቴን አስታውሳለሁ። እዚያ ባሕር ነበረ እንዴ?

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ በእጅዎ ያለው የሻርክ ጥርስ ነው፤ ሜጋሎዶን ግን አይደለም። ልጅዎ በዚህ ከማዘኑ በፊት አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ ሜጋሎዶን የተባለው ግዙፍ ሻርክ ከምድር ከጠፋ ሚሊዮኖች ዓመታት ሲያልፉ፣ የዚህ ጥርስ ባለቤት የቅርብ ዘመድ ግን ዛሬም በቀይ ባሕር ውስጥ በሕይወት አለ። እዚህ ላይ እንዴት እንደደረስሁ በዝርዝር የምጽፍልዎት በሚቀጥለው ጉዟችሁ ራሳችሁ እንድትለዩት ብዬ ነው፤ አብዛኛው ሰው ጥርስን ለመለየት የሚሞክረው በቀለሙና በትልቅነቱ ሲሆን፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስቱ ምልክቶች ናቸው።

በመጀመሪያ ድንጋይ አለመሆኑን ያወቅሁበትን ልንገርዎት። በፎቶው ላይ አንዱ ነገር ሁለት ገጽ አለው። ሹሉ ክፍል ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ያለው ሰፊ ክፍል ደግሞ ደብዛዛና ሸካራ፣ እንደ አጥንትም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። የሚያብረቀርቀው የጥርሱ አክሊል ነው፤ እጅግ ጠንካራ በሆነ ኢናሜል ስለተሸፈነ ዘመን አልፈታውም። ደብዛዛው ሥሩ ነው፤ ከድዱ ጋር ተያይዞ የነበረውም በእርሱ ነው። ሞገድ ያለሰለሰው ጠጠር ቅርጹ የቱንም ያህል ጥርስ ቢመስል ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው፤ ይህ የሁለት ገጽ ድንበር አይኖረውም። በዚያ ዳርቻ ብረት የበዛባቸው ጥቁር ቡናማ ጠጠሮች ሞልተዋልና ጀማሪ ሁሉ ኪሱን መጀመሪያ የሚሞላው በእነርሱ ነው፤ እኔም ሞልቼ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጠርዙ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። ኳርተር ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥርሱ ከእርሱ ጥቂት ስለሚበልጥ ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይመስለኛል። ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ጫፉ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ባዘነበለበት በኩል ያለው ጠርዝ መጋዝ ነው፤ የመጋዙ ጥርሶች በዓይን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከሥሩ በኩል ትንንሽ ሆነው ይጀምሩና ወደ ጫፉ ሲቃረቡ እየተለቁ ይሄዳሉ። ከዚያም ጫፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መጋዙ በድንገት ያበቃና የመጨረሻው ጫፍ እንደ ቢላዋ ስለት ልሙጥ ይሆናል። በወዲያኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ደግሞ ደቀቅ ያሉ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ጫፉ ድረስ አይዘልቁም። እንዲህ ያለ ጥርስ ከእነዚያ ገደሎች ሲገኝ ባለቤቱ ሄሚፕሪስቲስ ሴራ የሚባለው ሻርክ ነው፤ በዳርቻው የሚመላለሱት ሰብሳቢዎች ስናግልቱዝ ይሉታል። ልጅዎ ያገኘው የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ፈጽሞ አይመስለውም፤ እንደ ወስፌ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ከሥሩ አጠገብ ብቻ ጥቂት ሹሎች አሉት፤ በታችኛው ወግቶ ይይዛል፣ በላይኛው ይቆርጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ጀማሪ የሁለት እንስሳት ጥርስ ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

ይህ የሻርክ ወገን መጀመሪያ ለሳይንስ የታወቀው በቅሪተ አካሉ ነው። የስዊስ ተወላጁ ሉዊ አጋሲዝ በ19ኛው መቶ ዘመን ስም ያወጣለት ከድንጋይ የተገኙ ጥርሶችን አይቶ ሲሆን፣ በሕይወት ያለው ዝርያ የተገለጸው ከዚያ በኋላ ነው። ያም ዝርያ ከቀይ ባሕር አንሥቶ እስከ ሕንድ ውቅያኖስና አውስትራሊያ ድረስ ይኖራል። ርዝመቱ ከሰው ቁመት ብዙም የማያልፍ፣ በሰው ዘንድ እምብዛም የማይታወቅ ዓሣ ነው።

ሜጋሎዶን ቢሆን ኖሮ ምን እንጠብቅ ነበር? መጠኑን ብቻ አይቼ አልፈረድሁም፤ የሜጋሎዶን ግልገልም ትንሽ ጥርስ ነበረውና። ልዩነቱ መጋዙ ደቃቅና እኩል ሆኖ ከሥር እስከ መጨረሻው ጫፍ ሳይቋረጥ መዝለቁ ነው፤ ጣት ሲያስኬዱበት እንደ ሣንቲም ጠርዝ ይሻክራል። በተጨማሪም በውስጠኛው ፊት፣ በአክሊሉና በሥሩ መካከል፣ እንደ ወፍ ክንፍ የተዘረጋ ጠቆር ያለ ቀበቶ ይታያል፤ ጥርሱም ወፍራም ነው። በዚያው ዳርቻ ጠርዙ ፍጹም ልሙጥ የሆነ ሰፊ ሦስት ማዕዘን ጥርስ ካገኛችሁ ደግሞ ሀስታሊስ የሚባለው፣ ከምድር የጠፋ ሻርክ ጥርስ ነው። ብዙ ሰው እርሱን «የታላቁ ነጭ ሻርክ ጥርስ» ይለዋል፤ ስህተት ነው፤ ባለ መጋዝ ጥርሱ ነጭ ሻርክ የመጣው እነዚያ ገደሎች ተደልድለው ካበቁ በኋላ ነው። ታይገር ሻርክ እንደ አውራ ዶሮ ኩክኒ የተጠማዘዘ፣ በአንድ ጎኑ ጥልቅ ስርጉድ ያለበት ጥርስ አለው። ሳንድ ታይገር ቀጭንና ረጅም ሆኖ ከግራና ከቀኙ አንዳንድ ትንሽ ሹል ያቆማል። ከሁሉ የበዛው ግን ከጥፍር የማይበልጠው፣ መጋዙ ደቃቅ የሆነው የካርካሪነስ ወገን ጥርስ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ፈልጋችሁ አሥር ጥርስ ብታገኙ አብዛኛው እርሱ ይሆናል።

ስለ ቀለሙ ልጅዎ «ጥቁር ስለሆነ በጣም የቆየ ነው» ብሎ ይሆናል፤ ብዙ አዋቂም የሚለው ነው። ጥርስ ከአፍ ሲወድቅ ነጭ ነበር። ደለል ውስጥ ተቀብሮ ሲኖር በዙሪያው ያለው ውሃ ያሟሟቸውን ማዕድናት እየመጠጠ ቀለሙን ይለውጣል፤ የሚጠቁረው፣ የሚነጣው ወይም የሚቀላው እንደ ተቀበረበት ደለል ነው። ስለዚህ ቀለሙ ስለ መቃብሩ ይነግረናል እንጂ ስለ ዕድሜው አይነግረንም። ዕድሜውን የሚነግረን ንብርብሩ ነው።

የካልቨርት ገደሎች የማዮሲን ዘመን የባሕር ወለል ናቸው፤ በጥቅሉ ከ20 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የአሸዋ፣ የሸክላ አፈርና የዛጎል ንብርብሮች ተደራርበውባቸዋል። ሦስት ስም አላቸው፦ ከታች የካልቨርት፣ ከእርሱ በላይ የቾፕታንክ፣ ከሁሉ በላይ የሴንት ሜሪስ ንብር። ንብሮቹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በቀስታ ስለሚያዘነብሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ በዳርቻው የተጓዘ ሰው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይሄዳል። ልጅዎ ጥርሱን ያገኘው ከገደሉ ላይ ተጣብቆ ሳይሆን ከውሃው ዳር ወድቆ ስለሆነ ከየትኛው ንብር እንደወደቀ መናገር አይቻልም፤ «ማዮሲን፣ ከ8 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት» ብለው ቢጽፉበት ትክክል ነው፤ ከዚያ አጥብቦ መጻፍ ግን ግምት ይሆናል።

የዚህን ያህል ጥርስ ለምን ተገኘ ብለው ቢጠይቁ፣ የሻርክ አጽም እንደ እኛ አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት ነው፤ ሲሞት ይበሰብሳል። ጥርሱን ግን ዕድሜውን ሙሉ እየጣለ አዲስ ያበቅላል፤ አንዱ ሻርክ በሕይወት ዘመኑ በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ይጥላል። እንግዲህ ልጅዎ የያዘው ጥርስ የሞተ ሻርክ ቅሪት ላይሆን ይችላል፤ ሻርኩ ጥርሱን ጥሎ መንገዱን የቀጠለ ሊሆን ይችላል።

የሰው ልጅ ይህን ለማመን ብዙ ዘመን እንደፈጀበት በዚሁ አጋጣሚ ላንሣ። አውሮፓውያን እንዲህ ያለውን ጥርስ «የምላስ ድንጋይ» ይሉት ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ እፉኝት ጳውሎስን የነደፈችበት ደሴት በዛሬዋ ማልታ በብዛት ስለሚገኝ፣ ሐዋርያው እባቦቹን ሲረግም ወደ ድንጋይ የተለወጠ ምላሳቸው ነው ተብሎ ለመርዝ መከላከያ በአንገት ይንጠለጠል ነበር። በ1666 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ሊቮርኖ አጠገብ አንድ ግዙፍ ሻርክ ተይዞ ጭንቅላቱ ወደ ፍሎረንስ ሲላክ፣ ኒኮላስ ስቴኖ የተባለው የዴንማርክ ሐኪም ሰንጥቆ እየመረመረ ሳለ ጥርሶቹና የምላስ ድንጋዮቹ አንድ መሆናቸውን አስተዋለ፤ በቀጣዩም ዓመት አሳተመው። እርሱም የለየው በቅርጻቸው ነበር።

መውሰዱን በተመለከተ፣ በካልቨርት ክሊፍስ ስቴት ፓርክ ዳርቻው ላይ ወድቆ የተገኘውን መውሰድ የተፈቀደ ስለሆነ ምንም አያስጠይቃችሁም። የተከለከለው ገደሉን መቆፈርና ከገደሉ ሥር መሄድ ነው። ይህን ክልከላ እንደ ተራ ማስታወቂያ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ። ገደሉ ከዝናብ በኋላና በብርድ ወራት በረዶው ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል፤ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ከፍታ ያለው የአሸዋና የሸክላ ግድግዳ ሲወርድ ልጅን ጎትቶ ለማምለጥ ጊዜ አይሰጥም። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ በጫካ ስለሚያስኬድ ልጆቹ ሲመለሱ እንደሚደክማቸውም አስቀድመው ያስቡ። ከፓርኩ ውጭ ያለው ዳርቻ በአብዛኛው የግል ስለሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ውሃው የሚጎድልበትን ሰዓት አይታችሁ ሂዱ፤ ከማዕበል ማግሥት ከሆነ ይበልጥ መልካም ነው። በብርድ ወራት ሰው ስለሚቀንስ ብዙ ይገኛል። ሞገዱ ጠጠርና ስብርባሪ ዛጎል ጎትቶ የሚያስቀምጥበት መስመር አለ፤ ጥርስም ክብደቱ ከእነዚያ ጋር ስለሚመሳሰል እዚያው ይቀመጣል። በወንፊት ያን ጠጠር ከውሃው ውስጥ እያነሡ ማንገዋለል ከመራመድ ይሻላል። ዓይን መልመድ ያለበት ቀለሙን ሳይሆን ብልጭታውንና ግራና ቀኙ የተመጣጠነውን ቅርጽ ነው፤ ልጆች ለመሬት ቅርብ ስለሆኑ በዚህ ይበልጡናል። ከጥርስ ሌላ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር ካገኛችሁ ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ዛጎል የሚፈጭበት የጥርስ ገበታ ስባሪ ነው። ቀዳዳ የበዛበት ከባድ ነገር የዓሣ ነባሪ ወይም የዶልፊን አጥንት ሊሆን ይችላል። ቀይ ቡናማ ሆኖ ዙሪያውን ጎላ ያሉ አራት ሸንተረሮች የሚዞሩት ቀንድ አውጣ ደግሞ ኤክፎራ ነው፤ ሜሪላንድ በ1984 እ.ኤ.አ. የግዛቲቱ መለያ ቅሪተ አካል አድርጋዋለች። ሙሉውን ካገኛችሁ እኔ ከሜጋሎዶን ጥርስ አስበልጠዋለሁ፤ እጅግ ተሰባሪ ስለሆነ ሳይጎድል ከሞገዱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ቤት ስትደርሱ ጥርሱን ለጥቂት ቀናት ንጹሕ ውሃ ውስጥ እየቀየራችሁ ዘፍዝፉት፤ ጨው ከውስጡ ካልወጣ ሲደርቅ ሥሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከዚያ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል። በረኪና አይንካው። ሆምጣጤም እንዲሁ፤ ዛጎል ከሆነማ ዓይናችሁ እያየ አረፋ ደፍቆ ይሟሟል። ሥሩ እየተፈረፈረ ካስቸገረ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለውን ሙጫ በአሴቶን አቅጥኖ መቀባት የሙዚየም ሰዎች ልማድ ነው፤ ተራ ሱፐር ግሉ በኋላ ማስለቀቅ ስለሚያስቸግር አልመክረውም።

ከዚህ ሁሉ የማጠብቀው ግን መዝገቡን ነው። ጥርሱን በትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከገደሉ ላይ ወይስ ከውሃው ዳር መገኘቱን፣ ያገኘውንም ሰው ስም ዛሬውኑ ጻፉበት። ይህን የምለው ራሴ ስለተቀጣሁበት ነው። በተማሪነቴ ለመስክ ትምህርት ዓባይ በረሃ በወረድንበት ጊዜ ሽብሽብ ያለች፣ ከዋልኖት የማትበልጥ ውብ የዛጎል ቅሪት አንሥቼ በጃኬቴ ኪስ አደረግሁ፤ «ቦታውን አልረሳውም» ብዬ አልጻፍሁም። ከዓመታት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከየትኛው የመንገድ መታጠፊያ፣ ከየትኛው ንብር እንዳነሣኋት ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ከጠረጴዛዬ ላይ ዛሬም አለች፤ ወረቀት ትጫናለች።

በዚህ ወደ ደጀኑ ጥያቄዎ እደርሳለሁ። አዎን፣ ባሕር ነበር፤ ያውም ከካልቨርት ባሕር እጅግ የቀደመ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ ወይም ከደጀን በኩል ሲመጡ፣ ከላይ ያለው ጥቁር ዓለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ባሳልት ነው። ከእርሱ ሥር የአሸዋ ድንጋይና የሸክላ ንብር ይመጣል፤ ቀጥሎ ነጣ ቢጫ ብሎ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ጂፕሰም፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ አለ። የኖራ ድንጋዩ የተደለደለው በጁራሲክ ዘመን፣ ከ165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከምሥራቅ በኩል የገባ ባሕር የአፍሪካን ቀንድ ሰፊ ክፍል በሸፈነበት ወቅት ነው። ኋላ ባሕሩ ሸሸ፤ ምድሪቱ ከፍ አለች፤ ባሳልቱ ከደነው፤ ዓባይ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቆርጦ ገለጠው። ይህ ድንጋይ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይባላል። ስሙ ከመቐለ በስተ ደቡብ ካለችው ከሕንጣሎ የመጣ ሲሆን፣ የሰየመው በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ሰው ዊልያም ብላንፎርድ ነው፤ ጦሩ መቅደላን ከያዘ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1870 እ.ኤ.አ. ጥናቱን አሳተመ።

በልጅነትዎ ያነሡት ምን እንደነበረ ግን «ዛጎል» በሚለው ቃል ብቻ መለየት አይቻልም። በዚያ ድንጋይ ውስጥ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ኮራልና የባሕር ጃርት ይገኛሉ፤ እጅግ የሚበዙት ደግሞ ብራኪዮፖድ የሚባሉት ናቸው፤ የጠረጴዛዬም ከእነርሱ ወገን ናት። ብራኪዮፖድም ሁለት ክዳን ስላለው ከተራው ዛጎል ጋር ይምታታል፤ መለያው ግን ቀላል ነው። ተራው ዛጎል በአብዛኛው ግራና ቀኝ ክዳኑ እንደ ተጋጠሙ ሁለት መዳፎች አንድ ዓይነት ሲሆን፣ አንዱ ክዳን ለብቻው ሲታይ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። ብራኪዮፖድ ግን ሁለቱ ክዳኖች አይመሳሰሉም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው፤ እያንዳንዱ ክዳን ግን መሐል ለመሐል ቢከፈል ግራና ቀኙ እኩል ይወጣል። በትልቁ ክዳን ጫፍ ላይም ብዙ ጊዜ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ትታያለች፤ እንስሳው ከዓለት ጋር የሚጣበቅባት ገመድ መሰል ሥጋ የምትወጣባት ናት።

የሜሪላንዱ ፈቃድ ዓባይ ላይ እንደማይሠራ ግን ይወቁልኝ። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይቆፈርም፣ ከአገርም አይወጣም፤ የቅሪተ አካል ጥናት ፈቃድ የሚሰጠውም የቅርስ ባለሥልጣኑ ነው። ስለዚህ ለክረምት አገር ቤት ስትሄዱ ልጆቹ ይዩት፣ ይዳስሱት፣ ፎቶ ያንሡት፤ ሻንጣ ውስጥ ግን አይግባ። ያ ድንጋይ ምናልባት ደጀን ባለው ቤተሰብዎ ቤት እስካሁን ካለ፣ አንድ ሰው ከላይ፣ ከጎንና ከጫፉ በኩል ሦስት ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎት፤ ከአጠገቡ የአንድ ብር ሣንቲም ቢያስቀምጥበት፣ ከየት እንደተነሣም የሚያስታውሱትን ያህል ቢጽፉልኝ፣ የማን እንደሆነ ልነግርዎት እሞክራለሁ።